ኢንቦክሱ ብቻ አይከፈትም፣ ሰርቨሩ «ቱ ሎንግ አርጊዩመንት» ይላል (ዶቭኮት + የዴስክቶፕ ክላየንት)

ሁሉንም_እኔ

ሰላም ለዚህ ቤት። ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው ምሠራው፣ አይቲውም እኔ ነኝ ፕሪንተር ሲጨናነቅም ሚጠሩት እኔን ነው። ሜይል ሰርቨራችን የራሳችን ነው፣ ኡቡንቱ ላይ ፖስትፊክስና ዶቭኮት 2.3 (ፖስትፊክስ ሜይል ይልካል ይቀበላል፣ ዶቭኮት ደሞ ሳጥኑን ለክላየንት ያስነብባል)። አሁን ነገሩ ወዲህ ነው፣ ሰኞ ጠዋት የፋይናንሷ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ኢንቦክሱ መከፈት አቆመ። ክላየንቱ (ሜይል ማንበቢያ ፕሮግራሙ) ከታች በኩል ሰርቨሩ ስህተት መልሷል ምናምን ብሎ ይሽከረከርና ትንሽ ቆይቶ ራሱ እንደገና ይሞክራል፣ አሁንም ያው። ሌሎቹ ፎልደሮች ግን በሙሉ ይሠራሉ! አርካይቭ ሚባለው ፎልደር 60 ሺህ መልዕክት ይዞ እንኳን ወዲያው ነው ሚከፈተው። ኢንቦክሱ ደሞ 17 ሺህ ገደማ ብቻ ነው ያለው፣ እሱ እምቢ።

ያው አካውንት በስልክ ይከፈታል፣ በዌብሜይልም ይከፈታል። የሷ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። አርብ ማታ ሲሠራ ነበር፣ ቅዳሜና እሁድ ማንም ምንም አልነካም፣ አፕዴትም የለም። የሰርቨሩ ሎግ ላይ «ቱ ሎንግ አርጊዩመንት» ሚል ነገር በየደቂቃው ይደጋገማል። ምን ማለት ነው? ያየው ሰው አለ?

ፈጣን_መፍትሄ

አካውንቱን አጥፍተህ እንደገና አስገባው ብሮ፣ 90 ፐርሰንቱ የክላየንት ችግር በዚህ ነው ሚፈታው

ሁሉንም_እኔ

@ፈጣን_መፍትሄ አድርጌዋለሁ። አዲስ ፕሮፋይል ፈጥሬ ከዜሮ ነው ያስጀመርኩት፣ የሁሉንም ሄደር ከላይ እስከታች አወረደ፣ ደስ አለን፣ ከዛ ዘግተን ስንከፍተው ያው ስህተት ተመለሰ።

ፈጣን_መፍትሄ

እንግዲያው ሰርቨሩ ላይ ኢንዴክሱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሜይልዲሩ (መልዕክቶቹ ሚቀመጡበት ዳይሬክተሪ) ውስጥ ገብተህ ዶቭኮት ብለው ሚጀምሩትን ፋይሎች በሙሉ አጥፋቸው፣ ዩአይዲሊስት ሚለውንም ጭምር፣ ዶቭኮት ራሱ መልሶ ይሠራቸዋል

አሮጌ_ቀፎ

እንዳትነካው!!! ወንድሜ @ሁሉንም_እኔ እባክህ ይሄን ከማድረግህ በፊት እስከመጨረሻው አንብብ። የኢንዴክስ ካሽ ፋይሎቹ በሜይልዲር ላይ ቢጠፉ እውነት ነው ዶቭኮት መልሶ ይሠራቸዋል፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ሰማይ አይደፋም። ዩአይዲሊስት ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ መልዕክት ምን ቁጥር (ዩአይዲ ሚባለው) እንዳለው ተመዝግቦ ያለው እዛ ነው። እሱን ካጠፋኸው ሰርቨሩ ለሁሉም አዲስ ቁጥር ይሰጣል፣ ዩአይዲ ቫሊዲቲ ሚባለውም ይቀየራል፣ ያኔ ያንን ፎልደር ሚያይ ክላየንት በሙሉ «እኔ የያዝኩት ካሽ ዋጋ የለውም» ብሎ ይጥልና ከመጀመሪያው ማውረድ ይጀምራል። የስልኮቹንም ጨምር። ቢሮህ ስንት ሰው ነው? ያ ሁሉ ኢንቮይስና ቢል ኦፍ ሎዲንግ ስካን በየሰው ስልክ በሞባይል ዳታ ተመልሶ ሲወርድ አስበው፣ ፓኬጁ እስከ ምሳ አይደርስም።

በዛ ላይ ሎጉ የነገረህ ስለ ኢንዴክስ አይደለም። የነገረህ ክላየንቱ የላከው ኮማንድ መስመሩ ከተፈቀደው በላይ ረዝሟል ነው። አይማፕ ክላየንትና ሰርቨር ሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው፣ ዶቭኮት ላይ አይማፕ ማክስ ላይን ሌንግዝ ሚባል ሴቲንግ አለ፣ ዲፎልቱ 64 ኪሎባይት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማወቅ ያለብን ክላየንቱ ምን እንደሚልክ ነው።

ሮው ሎግ ክፈት፣ ክላየንቱና ሰርቨሩ ሚባባሉትን እንዳለ ሚቀዳ ነው። የዛች ልጅ ሆም ዳይሬክተሪ ውስጥ ዶቭኮት ነጥብ ሮውሎግ ሚል ፎልደር ፍጠር፣ ዶቭኮት ሊጽፍበት እንዲችል አድርገው፣ ከዛ የፖስትሎጊን ሰርቪስ ላይ ሮው ሎግን አስገባ፣ ማኑዋሉ ላይ ከነምሳሌው አለ። ከሎግኢን በኋላ ያለውን ብቻ ነው ሚቀዳው፣ ስለዚህ ፓስዎርድ አይገባበትም፣ የሰው ደብዳቤ ግን ይገባበታል። እንደጨረስክ አጥፋው።

ሁሉንም_እኔ

@አሮጌ_ቀፎ እግዜር ይስጥልኝ፣ እጄ ሊሰርዝ ደርሶ ነበር 😅 ሮው ሎጉን ከፍቼ እመለሳለሁ።

ጂሜይል_ይሻላል

2.3 ዶቭኮት ምናምን ከምትጨናነቁ ለምን ወደ ክላውድ አትወስዱትም በቃ

አሮጌ_ቀፎ

@ጂሜይል_ይሻላል ያንን ለአለቃው ንገርልን፣ በዶላር ሚከፈል ነገር አስፈቅደህልን ና።

ቃልኪዳን_ዲዛይን

እኔ በጣም ባላውቅም ፎልደሮቻችሁ በአማርኛ ከተሰየሙ ሊሆን ይችላል፣ ባንድ ድርጅት የፎልደር ስም በአማርኛ ሲሆን ሰርቨሩ ላይ ተበላሽቶ የእና ምልክት (&) ያለበት ቁምፊ ሆኖ አይቻለሁ። ያ አርዝሞት ይሆን?

አሮጌ_ቀፎ

@ቃልኪዳን_ዲዛይን ጥሩ ጥርጣሬ ነው እህቴ ግን እዚህ ጋ አይመስለኝም። ያየሽው ተበላሽቶ አይደለም፣ አይማፕ የፎልደር ስምን ሚጽፈው የተሻሻለ ዩቲኤፍ 7 በሚባል አጻጻፍ ነው፣ በእና ምልክት ይጀምርና በሰረዝ ይዘጋል። እያንዳንዱ ፊደል 16 ቢት ነው፣ ስድስት ስድስት ቢት እየተቆረጠ ወደ ላቲን ይቀየራል። ለምሳሌ «ደረሰኝ» አራት ፊደል ነው፣ 64 ቢት፣ 11 ቁምፊ ይወጣዋል፣ መክፈቻና መዝጊያው ሲጨመር 13። ያው ቃል በዩቲኤፍ 8 ቢጻፍ 12 ባይት ነበር። ልዩነቱ ይሄን ያክል ነው። ደሞ ኢንቦክስ በስሙ አማርኛ አይደለም። 64 ኪሎባይት ለመሙላት የፎልደር ስም ሳይሆን መጽሐፍ መጻፍ አለብሽ።

የአማርኛ ስም ሚያስቸግረው ሌላ ቦታ ነው፣ ፎልደር ውስጥ ፎልደር ውስጥ ፎልደር ስታደርጊ፣ ሜይልዲር ላይ ሁሉም ስም ተገጣጥሞ አንድ የዳይሬክተሪ ስም ስለሚሆን የፋይል ሲስተሙን 255 ባይት ቶሎ ነው ሚነካው። እሱ ግን ሚሰጠው ስህተት ሌላ ነው።

ኔትወርክ_ሰፈር

መስመር ከ998 ቁምፊ መብለጥ የለበትም አይደል እንዴ? ስታንዳርዱ እንደዛ ይላል ብዬ ነው ማስታውሰው

አሮጌ_ቀፎ

@ኔትወርክ_ሰፈር እሱ የደብዳቤው ጽሑፍ ነው፣ ሜይል ሚላክበት ኤስኤምቲፒ ላይ። 998 ቁምፊና የመስመር መጨረሻው ሁለት ባይት፣ ድምር 1000። አይማፕ ኮማንድ ላይ እንደዛ ያለ የተቆረጠ ሕግ የለም፣ ምክር ነው ያለው። አርኤፍሲ 2683 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ ነው) እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ ክላየንት ኮማንዱን ወደ 1000 ባይት አካባቢ ይገድብ፣ ሰርቨር ደሞ ቢያንስ 8000 ይቀበል አለ። በ2014 የወጣው አርኤፍሲ 7162 ሁለቱንም ወደ 8192 አመጣው። ዶቭኮት 64 ኪሎባይት ሲቀበል ከምክሩ ስምንት እጥፍ እየታገሰ ነው ማለት ነው። እሱንም ያለፈ ክላየንት ምን ቢልክ ነው ብዬ ነው ሮው ሎግ ያልኩት።

ሁሉንም_እኔ

ተመልሻለሁ። ጉድ ነው ያየሁት። ገቢውን ፋይል ስከፍት ከላይ ጥቂት አጫጭር መስመር አለ፣ ሴሌክት ኢንቦክስ ምናምን፣ ከዛ አንድ መስመር ማያልቅ። ዩአይዲ ፈች (የነዚህን ቁጥሮች መልዕክት አምጣ) ይልና ቁጥር በኮማ ቁጥር በኮማ ቁጥር በኮማ... ኤዲተሩ ራሱ ተንተባተበ። ቆርጬ ላሳያችሁ፦

ዩአይዲ ፈች 20411,20413,20415:20416,20418,20421,20423,20425,20428:20429,20431 ... እያለ ይሄዳል መጨረሻው ላይ ፍላግስ (ተነቧል አልተነበበም ሚሉት ምልክቶች)

መስመሩን ብቻውን አውጥቼ በደብሊውሲ (መቁጠሪያዋ ትዕዛዝ) ስቆጥረው 71 ሺህ 300 ባይት ገደማ ነው። ቀጥሎ ሰርቨሩ ባድ ብሎ ይመልስለታል፣ ክላየንቱ ይዘጋል፣ ተመልሶ ይገባል፣ ያንኑ መስመር ይልካል። ቀኑን ሙሉ።

አርካይቩን ስከፍት ደሞ የላከው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ዩአይዲ ፈች 1:60000 ዓይነት ነገር። በቃ። አለቀ።

አሮጌ_ቀፎ

ይኸው። 64 ኪሎባይት ማለት 65,536 ባይት ነው፣ ያንተ 71 ሺህ። አርብ ከሰዓት ምናልባት 65 ሺህ ምናምን ላይ ነበር፣ ቅዳሜና እሁድ ሜይል ሲገባ ጣሪያውን ነካ። ለዛ ነው ማንም ሳይነካው የቆመው። 5 አሃዝ ያለው ቁጥር ከነኮማው 6 ባይት ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ቁጥር ለብቻው ቢጻፍ 10 ሺህ 900 አካባቢ ላይ ትሞላለህ። 6 አሃዝ ላይ ሲደርስ ደሞ 9,300 ይበቃዋል። አንተ ጋ አንዳንዶቹ በሁለት ነጥብ ስለተያያዙ ትንሽ ቆየልህ።

ሚገርመው ግን እሱ አይደለም። ቁጥሮቹን እያቸው፣ 20411፣ 20413፣ ከዛ 20415። መሀል መሀሉን ማን ወሰደው? ኢንቦክሱ ወንፊት ሆኗል። የመልዕክቱ ብዛት አይደለም ጉዳዩ፣ አርካይቩ ቀዳዳ ስለሌለው 60 ሺውን በሰባት ቁምፊ ይጠራዋል። ሚሰርዝ ነገር አለ እዛ ቤት?

ሁሉንም_እኔ

አለ!! የመጋዘኑ ካሜራና ዩፒኤሱ ኖቲፊኬሽን ሚልኩት ወደዛው አድራሻ ነው፣ ያው የጋራ አድራሻ ስለሆነ። ሰዉ ሲያማርር ጊዜ ማታ ማታ ከነሱ የመጣውን በዶቭአድም (የዶቭኮት ማስተዳደሪያ ትዕዛዝ) ሚያጠፋ ስክሪፕት ክሮን (በሰዓቱ ራሱ ሚያስነሳው) ላይ አስገብቼ ነበር። ከዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ ቀን አንድ የደንበኛ ሜይል አንድ የካሜራ ሜይል እየገባ፣ ማታ የካሜራው ይጠፋል፣ ቁጥሩ ግን ተበልቷል። ገባኝ።

ተርሚናሉ

ቆይ ቆይ፣ እኔ ላብ ላይ ሞከርኩት፣ በኦፕንኤስኤስኤል 993 ላይ ገብቼ ረጅም ዩአይዲ ፈች ፔስት አደረግኩበት፣ 64 ኪሎባይት ሳይደርስ ነው ሚቆርጠው፣ 4096 ላይ ነው። ስለዚህ የዶቭኮት ሊሚት እናንተ ያላችሁት አይደለም።

አሮጌ_ቀፎ

@ተርሚናሉ የቆረጠህ ዶቭኮት ሳይሆን ያንተው ተርሚናል ነው ጌታው። ሊኑክስ ላይ ተርሚናል በመደበኛ ሁኔታው አንድ መስመር ከ4096 በላይ አይቀበልም፣ ቀሪውን ይጥለዋል፣ ሰርቨሩ ጋ አልደረሰም። ኮማንዱን ፋይል ውስጥ ጻፍና በፓይፕ ላከው፣ ኳየት ሚለውንም ጨምርበት፣ አለበለዚያ በአር ወይ በኪው ሚጀምር መስመር ካለህ ኦፕንኤስኤስኤል ለራሱ ትዕዛዝ ይመስለዋል።

ተርሚናሉ

ልክ ነህ፣ በፋይል ሲሆን 60 ሺውን አለፈ፣ 70 ሺህ ስልክለት ባድ አለ። ያው የናንተው ስህተት ነው።

ኮድ_ቤት_ቅድስት

እኔ ክላየንት በኩል ስለምሠራ አንድ ነገር ልበል ምክንያቱም ሁሉም ሰው ሰርቨሩ ላይ ነው ያተኮረው። ይሄ ክላየንት ቁጥሮቹን እንደዛ መዘርዘር ጭራሽ አያስፈልገውም ነበር። አይማፕ ላይ ዩአይዲ ፈች ውስጥ የሌለ ቁጥር ብትጠራ ሰርቨሩ ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ስህተት አይልም። ማለት 20411:20431 ብለህ ብትጠይቅ 20412 ተሰርዞ ከሆነ ስለሱ ምንም አይመልስም፣ ያሉትን ብቻ ይነግርሃል። ደሞ የተሰረዘ ቁጥር ተመልሶ ለሌላ መልዕክት አይሰጥም (ዩአይዲ ቫሊዲቲው እስካልተቀየረ ድረስ) ስለዚህ ቀዳዳውን ዘለህ ብታልፈው ማንም አይጎዳም። 71 ሺህ ባይት ሙሉ የጻፈው ነገር ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው ተብሎ በደርዘን ቁምፊ ያልቅ ነበር። ክላየንቱን የጻፈው ሰው «ተከታታይ ከሆነ አያይዝ ካልሆነ በኮማ ለይ» ብሎ ነው የሠራው፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው ሚጽፈው፣ ቴስት ሚደረገው ደሞ 200 መልዕክት ባለው ኢንቦክስ ነው።

መጠንቀቅ ያለብህ ስታነብ ሳይሆን ስትቀይር ነው። ለምሳሌ ሁሉንም እንደተነበበ አድርግ ስትል 1 ሁለት ነጥብ ኮከብ ብለህ ስቶር (ምልክት መቀየሪያ ኮማንድ) ከላክህ፣ አሁን በዚች ሰከንድ የገባውንና ተጠቃሚው ገና ያላየውንም መልዕክት ተነቧል ትለዋለህ። ኮከቡ መጨረሻ ላይ ያለው ማለት ስለሆነ። የመጨረሻውን ቁጥር አውቀህ እስከዛ ድረስ ማለት ነው ያለብህ። ሙቭና ኮፒ ላይም በመሀል ተጠቃሚው ያልመረጠው መልዕክት ካለ ሬንጁ (ከዚህ እስከዚህ ያልከው) እሱንም ጠርጎ ይወስደዋል፣ እዛ ጋ መዘርዘር ግድ ነው፣ ግን መዘርዘሩን ቆራርጠህ ላከው! አንድ ኮማንድ ከ8192 እንዳይበልጥ ብታደርግ የሱ 71 ሺህ ዘጠኝ ኮማንድ ነው ሚሆነው። ዘጠኝ! አንዱ እስኪመለስ ሳትጠብቅ ተከታትለህ መላክም ትችላለህ፣ ማንም አያውቀውም።

ከዛም በላይ ሰርቨሩ ኮንድስቶርን ሚደግፍ ከሆነ (ዶቭኮት ይደግፋል) ባለፈው ከገባሁበት ወዲህ የተቀየረውን ብቻ ስጠኝ ማለት ይቻላል። ክላየንቱ አርብ ያወቀውን 17 ሺህ መልዕክት ሰኞ ጠዋት አንድ ባንድ ተነበብክ ወይ እያለ መጠየቁ ራሱ ለኔ አይገባኝም።

ሁሉንም_እኔ

@ኮድ_ቤት_ቅድስት ዋው ይሄ አሁን ገባኝ። የስልኩ ክላየንት ለምን እንደሚሠራም ገባኝ፣ ሮው ሎጉ ላይ የስልኩንም አየሁት፣ የመጨረሻዎቹን ጥቂት መልዕክቶች ብቻ ነው ሚጠይቀው።

ጥቁር_ስክሪን

እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ፣ እኛ ጋ ግን ዌብሜይል ላይ ነው፣ ሁሉንም ምረጥ ብዬ ዲሊት ስል 414 ይለኛል። ያንኑ ማክስ ላይን ሌንግዝ ልጨምረው?

አሮጌ_ቀፎ

@ጥቁር_ስክሪን አይ፣ ያንተ ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። 414 ዌብ ሰርቨሩ ነው ያለህ፣ አይማፕ ጋ አልደረስክም። ዌብሜይሉ የመረጥካቸውን ቁጥሮች ሁሉ ሊንኩ ላይ ለጥፎ በጌት ነው የላካቸው። ኢንጂንኤክስ ከሆነ ላርጅ ክላየንት ሄደር በፈርስ ሚለውን እይ፣ ዲፎልቱ 4 ጊዜ 8 ኪሎባይት ነው፣ የጥያቄው የመጀመሪያ መስመር ከአንዱ በፈር ካለፈ 414 ይልሃል። አፓቼ ከሆነ ሊሚት ሪኩዌስት ላይን ነው፣ 8190። መጨመር ትችላለህ፣ ግን ዌብሜይሉ በፖስት ቢልከው ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ፣ አዲስ ቨርዥን ካለው መጀመሪያ አፕዴት አድርግ። ለሌላው ጥያቄ ግን አዲስ ክር ክፈት፣ ይሄ እንዳይደበላለቅ።

አሮጌ_ቀፎ

@ሁሉንም_እኔ ላንተ ደሞ፣ ለዛሬ ልጅቷ ሥራዋን እንድትሠራ ይሄን አድርግ። ኮንፊጉ ውስጥ 20 አይማፕ ሚለው ፋይል ላይ አይማፕ ማክስ ላይን ሌንግዝ በኮሜንት ተቀምጧል፣ ኮሜንቱን አንሳና 256 ኪሎባይት አድርገው። 128 ለዛሬ ይበቃል፣ ግን ውሎ አድሮ ተመልሰህ እዚሁ ትጽፋለህ። በዶቭኮንፍ አዲሱን ቁጥር እንዳየው አረጋግጥ፣ ከዛ ዶቭአድም ሪሎድ። ቀድሞ የተከፈተ ኮኔክሽን በድሮው ሴቲንግ ስለሚቀጥል ክላየንቱን አዘግታት፣ መዝጋት ስልህ መስኮቱን ሳይሆን ፕሮግራሙን።

ከመጠን በላይ ግን አታሳድገው። 10 ሜጋባይት ያደረገ ሰው አውቃለሁ፣ አንድ የተበላሸ ክላየንት ሜሞሪውን ሲበላው ዋለ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_01

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳትሉኝ፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኛ እዚህ ሜሪላንድ የአንድ ማኅበር ሜይል ነው ማስተዳድረው፣ ሼርድ ሆስቲንግ ላይ ነው፣ ኮንፊግ መንካት አንችልም፣ ያው ስህተት እኛም ጋ አለ፣ ጸሐፊዋ ኢንቦክስ ላይ። ሆስቲንጉን ስንጠይቅ ክላየንት ቀይሩ ነው ያሉን። ጸሐፊዋ ደሞ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ያንን ክላየንት ለምደውታል፣ ቀይሩ ማለት አልችልም። ምን ይደረግ?

ኮድ_ቤት_ቅድስት

@ሲልቨር_ስፕሪንግ_01 ሰርቨሩን መንካት ካልቻልክ ኢንቦክሱን ነው ምትነካው። በዌብሜይል ግባና የቆዩትን ወደ ዓመት ዓመት ፎልደር አንቀሳቅሳቸው። በዌብሜይል ያልኩህ ገጽ በገጽ ስለሚመርጥ ኮማንዱ አጭር ስለሚሆን ነው፣ በዛው ክላየንት ሁሉንም መርጠህ ልጎትት ብትል ያው ረጅም መስመር ነው ሚልከው። ደስ ሚለው ምንድነው መሰለህ፣ መልዕክት ወደ አዲስ ፎልደር ሲገባ አዲስ ዩአይዲ ነው ሚያገኘው፣ ከ1 ጀምሮ በተርታ። ስለዚህ እዛ ቀዳዳ የለም፣ 12 ሺህ መልዕክት ብታስገባ ክላየንቱ 1:12000 ብሎ ይጠራዋል። በእርግጥ ክላየንቶቻችሁ ያን ያህሉን መልሰው ያወርዱታል፣ እሱን ማታ አድርገው።

ደሞ ክላየንቱ ሴቲንግ ውስጥ የቅርብ ጊዜውን ብቻ ሲንክ አድርግ ሚል ካለ አብራው፣ ግን አንዳንዱ እሱንም አብርቶ ፍላጉን ግን የሁሉንም ይጠይቃል፣ ስለዚህ ብቻውን አትመነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_01

በጣም ነው ማመሰግነው እህቴ። እሳቸው ፎልደር መብዛት አይወዱም ግን አስረዳቸዋለሁ።

ፈጣን_መፍትሄ

ከእጅ አይሻል ዶማ ነው ይሄ መፍትሄ፣ በዓመቱ ኢንቦክሱ ተመልሶ ይሞላል

ኮድ_ቤት_ቅድስት

@ፈጣን_መፍትሄ መሙላቱ ችግር የለውም እኮ፣ መቦርቦሩ ነው። ኢንቦክስ ላይ የገባ ሁሉ እዛው ቢቀመጥ 100 ሺህም ቢሆን አንድ ሬንጅ ነው። እሳቸው ጋ ምናልባት ማስታወቂያ በእጅ እየሰረዙ ነው፣ እሱን ለማቆም...

አሮጌ_ቀፎ

...ሲቭ ነው (ሜይል ገና ሲደርስ ሚለይ የማጣሪያ ደንብ)። @ሁሉንም_እኔ ያንተም ዋናው ሥራ ይሄ ነው፣ ሴቲንጉ ማስታገሻ ነው። ያንን የማታ ስክሪፕት አቁመው። ካሜራውና ዩፒኤሱ ሚልኩትን ገና ሲደርስ በሲቭ ፋይልኢንቱ ብለህ ሌላ ፎልደር ውስጥ አስገባው። ልዩነቱ ምን መሰለህ፣ ስክሪፕቱ መልዕክቱ ኢንቦክስ ገብቶ ቁጥር ከወሰደ በኋላ ነው ሚያጠፋው፣ ቀዳዳው ይቀራል። ሲቭ ግን ሚሠራው ሜይሉ በሚደርስበት ሰዓት ስለሆነ ኢንቦክሱን ጭራሽ አይነካውም፣ የኢንቦክስ ቁጥር አይበላም። ከዛ ያንን የኖቲፊኬሽን ፎልደር እንደፈለግክ አጽዳው፣ እዛ ውስጥ የቆየውን ስታጠፋ ከጥግ ጀምሮ ስለሆነ ሚጠፋው ቀዳዳ አይፈጥርም፣ የቀሩት ተርታቸውን እንደያዙ ናቸው።

ያለፈውን ደሞ በዶቭአድም ሙቭ እዛው ሰርቨሩ ላይ አንቀሳቅስ፣ ከዚህ ቀን በፊት የገባውን ወደ እንትን ፎልደር ብለህ። ቀኑን ስትሰጠው ቢፎር ሚለው ሰርቨሩ የተቀበለበትን ቀን ነው ሚያየው፣ ሴንትቢፎር ሚለው ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ቀን ነው። ደንበኛ ኮምፒውተሩ ሰዓቱ ተዛብቶ 1970 ብሎ የላከው ካለ በሁለተኛው ተሳስቶ ይሄድብሃል፣ በመጀመሪያው ሥራ። ከመንቀሳቀሱ በፊት በዶቭአድም ሰርች ስንት እንደሆነ ቁጠር፣ ባካፕ አለህ ብዬ ነው።

ሁሉንም_እኔ

ባካፕ አለ፣ አለ 😄

ሪፖርት፦ 256 አድርጌ ሪሎድ ካልኩ በኋላ ክላየንቱን ዘግታ ስትከፍት ኢንቦክሱ ተከፈተ። ሎጉም ዝም አለ። ማታ ላይ ሲቩን ጻፍኩ፣ የካሜራውን በላኪው አድራሻ፣ ዩፒኤሱ ግን ላኪውን ራሳችንን አድርጎ ስለሚልክ በሰብጀክቱ ነው የያዝኩት። የክሮን ስክሪፕቱን አወጣሁት። ካለፈው ዓመት መጨረሻ በፊት ያለውን በሙሉ በዶቭአድም ወደ ፎልደር አዛወርኩ፣ ኢንቦክሱ ላይ አራት ሺህ አካባቢ ነው የቀረው። ጠዋት ሮው ሎጉን ሳየው የፈች መስመሩ 17 ሺህ ባይት ገደማ ሆኗል። አዲሶቹ መልዕክቶች ደሞ በተርታ ነው ሚመጡት፣ መጨረሻው ላይ አንድ ረጅም ሬንጅ እየሆኑ ነው።

አንድ ቅሬታ ብቻ፣ አለቃዬ ስልኩ ላይ «ለምንድነው ድሮ ሜይል ሚወርደው» ብሎ ደወለ፣ ማታ አድርገው ያላችሁት ለዚህ ነው ለካ፣ እሱ ማታ ስልኩ ጠፍቶ ነበር።

ኮድ_ቤት_ቅድስት

17 ሺህም ቢሆን ከምክሩ ሁለት እጥፍ ነው እኮ 😩 ለክላየንቱ ሠሪዎች ባግ ጻፍላቸው። ሮው ሎጉን እንዳለ እንዳትልክ፣ ያቺን አንድ መስመርና የሰርቨሩን መልስ ብቻ። ቁጥሮቹ ብቻቸውን የማንንም ሚስጥር አያወጡም። ስህተቱ ሚደገምበትን መንገድም ጻፍላቸው፦ ባዶ ፎልደር ፍጠር፣ 30 ሺህ አጫጭር መልዕክት ክተት፣ አንድ እየዘለልክ ሰርዝ፣ ክላየንቱን ክፈት። አንድ ደቂቃ አይፈጅባቸውም ለማየት። «ኢንቦክሴ አይከፈትም» ብለህ ብቻ ከጻፍክ አዲስ ፕሮፋይል ፍጠር ነው ሚሉህ።

ሁሉንም_እኔ

ጽፌላቸዋለሁ፣ ልክ እንዳልሽው። መልስ ሲመጣ እዚሁ አስቀምጣለሁ።

አሮጌ_ቀፎ

ሮው ሎጉን አጥፍተሃል አይደል?

ሁሉንም_እኔ

ሰርቪሱንም አውጥቻለሁ ፎልደሩንም ከነፋይሎቹ ሰርዣለሁ።